ፍሪጁ፣ ሳጥኑና የእቴ ይርጋነሽ ቅቤ

ባሌ ሽታሁን አሮጌዋን ላንድክሩዘር ከገዛ ወዲህ ልቡ ቤት ውስጥ የለም። ምሳ ላይ ሳይቀር ስልኩን ከሰሐኑ አጠገብ አስደግፎ፣ መኪናቸው ጣሪያ ላይ ድንኳን ተክለው በረሃ ለበረሃ የሚዞሩ ፈረንጆችን ያያል። በተለይ ከመኪናቸው ኋላ እንደ መሳቢያ እየሳቡ የሚያወጡትን ፍሪጅ ሲያይ ምራቁን ይውጣል። እኔ ማስተዋል፣ ቢቸና ሒሳብ የማስተምር፣ ምላሴ ከቁመቴ የሚረዝም ሴት ነኝ። «እነዚህ ሰዎች ዘመድ የላቸውም እንዴ፣ ሜዳ ላይ የሚያድሩት?» እያልኩ ስቀልድበት ከረምኩ። በኋላ ግን እኔንም ያዘኝ። ያስያዘኝ ደግሞ አባዬ ነው።

አባዬ፣ መምህር ከፋለ፣ ስኳር ይዞት ኢንሱሊን መወጋት ከጀመረ ወዲህ ከቢቸና ውጭ አድሮ አያውቅም። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛው ቦታ የቤታችን ፍሪጅ ነው፤ ስለዚህ አባዬም ከፍሪጁ አይርቅም። ሠርግ ሲጠሩት «እናንተ ሂዱልኝ» ይላል። ሞጣ ያሉት ታላቅ እህቱ እቴ ይርጋነሽ ሲታመሙ እንኳ ጠዋት ሄዶ ማታ ተመለሰ። እህቱ ይኼን እስከ ዛሬ አልረሱለትም።

አንድ እሁድ ሽታሁን የሚሄድባቸውን አገሮች ሲቆጥርልን፣ አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔስ ሰባራ ድልድይን አንድ ጊዜ ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አለ። ወጣት መምህር ሳለ መጀመሪያ የተመደበው ከሞጣ ቁልቁል ወርዶ፣ ከዓባይ ማዶ፣ በበጌምድር ወገን ነው። ያኔ ድልድዩ መሀሉ ተሰብሮ ስለነበር ሰው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ጎበዞች እየጎተቱት ነበር። አባዬንም ጎትተው አሻገሩት። ከጎታቾቹ አንዱ ባንተአምላክ የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ አባዬ የሚያድርበት ቢያጣ ቤቱ ወስዶ ዓመቱን ሙሉ አኖረው። አሁን ደህና መሻገሪያ እንደተሠራ አባዬ ሰምቷል፤ አላየውም። «መሻገሩ ይቅርብኝ። ሞጣ እህቴ ቤት አድሬ፣ ከዚህኛው ወገን ሆኜ አይቼው ልመለስ» አለ።

ልቤ ዘለለ። ይሄዳል አልኩ፤ ለራሴም ለሱም ደጋግሜ አልኩ። ካሁን በኋላ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ መድኃኒቱ በምን ይሂድ?

የሽታሁን መልስ ምላሱ ላይ ነበር። ጓደኛው ባየ፣ ደጀን ሆኖ የጉብኝት መኪና የሚነዳው፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ፍሪጅ አለው፤ ያውሰናል። እኔ ደግሞ የበረዶ ሳጥን ይሻላል ብዬ ድርቅ አልኩ። ሽቦ የለው፣ ቁልፍ የለው፤ በረዶ ሞልቶ ክዳኑን መግጠም ብቻ ነው። ፍሪጅህ ባትሪ ይበላል ስለው፣ በረዶሽ ይቀልጣል ይለኛል። ሳምንቱን እንዲህ ስንነታረክ ቆይተን በመጨረሻ አባዬ እንደ ፈታኝ መምህር ፈረደ። ሁለቱም ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ይፈተኑ አለ።

የፈተናው ቅዳሜ ግቢያችን ሠርግ ቤት መሰለ። ባየ ፍሪጁን ይዞ ከደጀን ከች አለ። እኔም ሰማያዊ ሳጥኔን ገዝቼ፣ ጎረቤታችን ካለው ምስራቅ ቡና ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ አድረው ድንጋይ የሆኑ ሃይላንዶች አጭቄበት ጠበቅሁት። ከጤና ጣቢያው ደግሞ ሉሊት መጣች። ከአዳማ ተመድባ የመጣች፣ የአባዬን መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ ናት። ሕጉን ነገረችን፤ መድኃኒቱ መሞቅ የለበትም፣ በረዶ መሆንም የለበትም። አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ተመልሶ ቢቀልጥም አይሠራም፤ ይጣላል። ከዚያ ባዶ ብልቃጦች ውስጥ ውኃ ሞላችና አንዱን ለሽታሁን፣ አንዱን ለኔ ሰጠችን።

እኔ ማሸነፍ ስወድ ለጉድ ነው። ብልቃጤን ከሃይላንዶቹ መሀል አጥብቄ ሸጎጥኩት፤ ይበልጥ የቀዘቀዘ ይበልጥ ያሸንፋል ብዬ። ጎረቤቱ ሁሉ ወንበር እያወጣ ተቀመጠ፤ የሚደግፈኝም የሚስቅብኝም አላጣሁም። ከሰዓት በኋላ ሲከፈት የፍሪጁ ትንሽ መስኮት ላይ አራት ዲግሪ የሚል ቁጥር በርቷል። የኔን ብልቃጥ ግን ሉሊት ስትገለብጠው ውስጡ ያለው ነገር ንቅንቅ አላለም። ሽታሁን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ሲስቅ፣ ተናድጄ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፍሪጁ አለፈ፤ እኔ ወደቅሁ። ሳጥኑን ግን ለዳቦም ይሆናል ብዬ መኪናው ላይ ከመጫን የከለከለኝ የለም።

ከፋሲካ በኋላ፣ በበዓለ ኀምሳ መሀል ተነሣን። አባዬ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ፊት ተቀመጠ፤ ፍሪጁ ከኋላ ያንጎራጉራል። አባዬ እንደ ጥምቀት ልጅ ሆነ። ይኼ መንገድ ያኔ ጭቃ ነበር፣ ያቺ ዋርካ አሁንም አለች፣ እዚያ ጋ በቅሎዬ ጥላኛለች እያለ መስኮቱን አልዘጋ አለ። እኔም ከኋላ ሆኜ እንደሱ አንገቴን አወጣለሁ። ሽታሁን ሊዘፍን ሞክሮ ድምፁ እንደማያምር ስለነገርነው ተወው።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ አባዬ ሳይሳለም አያልፍምና ወረደ። ተሳልሞ ሲመለስ የድሮ ተማሪው መንገድ ላይ ያዘው። ቤት ሳትገቡማ አትሄዱም ተባለ፤ ገባን፤ በላን፤ ሌላው ተማሪ ሰምቶ መጣ፤ እሱም ቤት ሄድን። ያኔ ነው የፍሪጁ ነገር የገባን። ገመዱ የተሰካው ሲጋራ መለኮሻው ላይ ስለሆነ፣ ሞተር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የቪዲዮዎቹ ፈረንጆች ቀኑን ሙሉ ይነዳሉ፤ ለሰላምታ የሚያቆማቸው ሰው የለም። የኛ መኪና ግን ከሄደችበት የቆመችበት ይበልጣል። ሽታሁን ይኼን ማንም አልነገረኝም ብሎ ራሱን አከከ፤ ከዚያ መፍቻውን አውጥቶ ገመዱን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘው። አሁን መኪናዋ ብትተኛም ፍሪጁ አይተኛም ብሎ ደረቱን ነፋ።

ሞጣ እቴ ይርጋነሽ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ወንድማቸው ሊያድር እንደመጣ ሲያውቁ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እኔ ቤት ልታድር ነው፣ ከፋለ?»

«አዎ፣ እትዬ። መድኃኒቴም አብሮኝ መጥቷል።»

አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ በደስታ ጊዜ ማልቀስ ለኔ ቀላል ነው። በዚያው ምሽት ገና ራት ሳይቀርብ መብራት ጠፋ። ሽታሁን ለኛማ ምን ቸገረን፣ የራሳችን ፍሪጅ አለን ብሎ በኩራት ተናገረ፤ ያልገመተው እቴ ይርጋነሽን ነው። ሴትዮዋ እንግዳን ያለ ስንቅ መሸኘት ከስድብ ይቆጥሩታል። እኛ ራት ስንበላ በቅጠል የተጠቀለለ፣ ከምድጃ አጠገብ የዋለ ለጋ ቅቤ እየተሸከሙ ወጥተው ፍሪጁን እስከ አፉ ሞሉት። መድኃኒቱን አልነኩትም፤ ዙሪያውን ብቻ በቅቤ ከበቡት። ፍሪጁ ያንን ሁሉ ሞቃት ቅቤ ለማቀዝቀዝ ሲያጓራ አደረ።

ጠዋት ሽታሁን ቁልፉን ቢያዞር መኪናዋ ጭጭ አለች። ደግሞ አዞረ። ፍሪጁ ባትሪውን ጠጥቶ ጨርሶታል።

ምክንያቱ ሲታወቅ እቴ ይርጋነሽ ፊታቸው ጠቆረ። «ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። መንገደኛ ደግሞ ማን ቤት እንደሚገባ አያውቅም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ቅቤውን አውጥተን መመለስ ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ ቤት ማቃጠል ይሻላል። የሰፈሩ ጎረምሶች መጥተው ገፉልን፤ መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ ተንደርድራ ተነሣች፤ እልል ተባለ። አባዬ ግን እልልታው ውስጥ አልነበረም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዱላውን መሬት ላይ ያሽከረክራል።

«በቃ፣ ወደ ቢቸና እንመለስ» አለ። «ሞጣ አደርኩ፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው።»

አነጋገሩ አንጀቴን በላው። ዛሬ ከተመለሰ ዳግመኛ እንደማይወጣ አወቅሁ። የተናገረው ነገር ግን እውነት አለው። መኪናዋ ቆላው አፋፍ ድረስ ብቻ ነው የምትሄደው፤ ከዚያ ወዲያ በእግርና በበቅሎ ነው። ፍሪጁን አብርተን ጥለናት ብንወርድ ባትሪው ያልቅና በረሃ ላይ የሚገፋን አናገኝም። አጥፍተን ብንወርድ ደግሞ መድኃኒቱ መኪናው ውስጥ ይቀቀላል። ሳጥኔ አለ፤ በረዶ ግን ከየት ይመጣል? ሞጣ ውስጥ ያሉትን ሆቴሎች እየሮጥኩ አዳረስኩ። መብራቱ ከማታ ጀምሮ ጠፍቷል፤ የሁሉም በረዶ ውኃ ሆኗል።

ተስፋ ቆርጬ ተመለስኩና መድኃኒቱን ላየው ፍሪጁን ከፈትኩ። ብልቃጡን ሳወጣ ጣቴ ቅቤውን ነካ። ማታ እንደ ሊጥ የነበረው ቅቤ ድንጋይ ሆኗል። አንዱን ጥቅል አውጥቼ በጉንጬ ያዝኩት፤ ቅዝቃዜው ጥርሴ ድረስ ገባ። ቆሜ አሰብኩ። ሞተሩን ስላላጠፋነው ፍሪጁ አሁንም አራት ነው የሚለው፤ ስለዚህ ቅቤውም አራት ነው። ቅቤው አራት ከሆነ ደግሞ አቅፎት የዋለውን ነገር በምንም ተአምር በረዶ አያደርገውም። እኔን የጣለኝ በረዶው ነበር፤ ቅቤ እንደዚያ አያደርግም።

«ሳጥኔን አምጡ» ብዬ ጮህኩ። ከሥር ቅቤ፣ ከላይ ቅቤ፣ መሀል ላይ በፎጣ የተጠቀለለ መድኃኒት። ሽታሁን አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሉሊት ጋ ስደውል መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ የፍሪጁን ቁጥር ጠየቀችኝ፣ ከዚያ መሳቋን ትታ «ሂዱ፤ ቅቤው እስካልላላ ድረስ መድኃኒቱ ደህና ነው» አለችኝ። ስትነዱ ፍሪጁ ውስጥ፣ ስትወርዱ ሳጥኑ ውስጥ አድርጉት ብላ ጨመረችልኝ። ባልና ሚስት ሳምንት የተጣላንበትን ነገር ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ አስታረቀችው።

አባዬ ከድንጋዩ ተነሣ። እህቱን ዞር ብሎ አያቸውና ሳቀ፤ እሳቸውም ፊታቸው ፈካ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ መድኃኒቱን ከነቅቤው ሳጥኑ ውስጥ ከተን፣ ፍሪጁን አጥፍተን በቅሎ ተከራየን፤ አባዬ በበቅሎ፣ ሽታሁን ሳጥኑን በትከሻው፣ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ወረድን። ቆላው እየቀረበ ሲሄድ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ሽታሁን በየመታጠፊያው ሳጥኑን እንዲከፍት ቢጠይቀኝም ከለከልኩት፤ የሚያሞቀው መክፈቱ ነው። ዓባይ ገና ሳይታይ ድምፁ ተሰማ፤ አባዬ በቅሎዋን አቆመና ጆሮውን ሰጠ። ከዚያ ድልድዩ ወጣ። አሮጌው የድንጋይ ግንብ እንዳለ ነው፤ በተሰበረው መሀል ላይ አዲሱ መሻገሪያ ተዘርግቶ ሰው ከነከብቱ ይሻገርበታል።

አባዬ ከበቅሎ ወረደ። «እዚህ ጋ ነው ያሰሩኝ» አለ፣ በዱላው እያሳየ። ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ከምሳው በፊት መውጋት ስላለበት ሳጥኑን ከፈትኩ። ቅቤው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ አልቦታል፤ በአውራ ጣቴ ብጫነው አልገባልኝም። ብልቃጡ ቀዝቃዛ ነው። ደስታዬ ቅጥ አጣ፤ ሽታሁንን ሰው ፊት ሳምኩት። አባዬ ከዓባይ ዳር ሆኖ መድኃኒቱን ወጋ፤ ዳቦውን በላ።

ከማዶ ጨው የጫነች አህያ የሚነዳ ሰው መጣ። አባዬ ባንተአምላክ የሚባል ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ሰውዬው ባንተአምላክ ዓይናቸው ቢደክምም ደህና መሆናቸውን ነገረው፣ ቤታቸውም ያው ያ ሽቅብ ያለው መሆኑን በጣቱ አሳየው። አባዬ ሽቅቡን ለብዙ ጊዜ አየ።

«ቅቤው እስከ ነገ ይቆያል?» አለኝ።

የሚያስበው ገባኝ። ማዶው ደጋ ነው፤ ሲመሽ ይበርዳል፤ ይቆያል። ግን ከዚህኛው ወገን ሆኜ አይቼ ልመለስ ያለው ራሱ ነው፤ መኪናዋም አፋፍ ላይ ቆማለች። ይኼንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ አባዬ ጎንበስ ብሎ የሳጥኑን ማንገቻ ያዘና ትከሻው ላይ አነገተው። ሽታሁን ልያዝልዎት ብሎ ቢነሣ በእጁ ከለከለው።

«ያኔ በገመድ የጎተቱኝ ባዶ እጄን ነበር» አለ። «ዛሬ ቅቤ ይዣለሁ።»

ድልድዩን ጀመረው። ጋቢው በነፋሱ ይውለበለባል፤ ሰማያዊው ሳጥን ወገቡ ላይ ይመታዋል። ሽታሁን ወደ መኪናዋ ሽቅብ አየ፣ ወደ አባዬ አየ፣ ከዚያ የበቅሎዋን ልጓም ሳበ። እኔ ከኋላ ስሮጥ፣ ቅቤው የመድኃኒትህ ነው፣ ለሰው ከሰጠኸው በምን ይቀዘቅዛል እያልኩ ጮህኩ።

አባዬ መሀል ድልድዩ ላይ ደርሷል። ዞሮ አላየኝም።

«ግማሹ ይበቃኛል» አለ።