የውሸት ዝገት

«ያቺን የዛገች ብስክሌት ማለትሽ ነው?» አሉ የሟች አጎት፣ የተሸከሙትን ወንበር እያስቀመጡ። «ለውራጅ ብረት ሰብሳቢው ሰጠኋት። ጠዋት በጋሪ ሲያልፍ ጠራሁትና ከቀዳዳው ባልዲ ጋር ጫንኩለት። ግቢው ተጣቦ ለቅሶ ደራሽ የሚቀመጥበት ጠፍቶ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

የሟች ሚስት፣ ነርሷ፣ አጎትየውን ትክ ብላ አየቻቸው። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ የሚያስቃት ነገር በዚህ ዓለም ይኖራል ብላ አላሰበችም፤ ግን ሳቅ አፈናት። በጥቁር ሻሿ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ያዩ ሴቶች «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» እያሉ ከበቧት። ወዲያው ሳቁ የእውነት ልቅሶ ሆነ፤ ሴቶቹ ልዩነቱን አላወቁትም።

«አልዛገችም፣ ጋሼ» አለች ድምጿ ሲመለስ። «ዝገቱ የሱ ሥራ ነው።»

አጎትየው ነገሩ ሲገባቸው ጋሪው የሄደበትን መንገድ በጣታቸው አሳዩዋት።

ባሏን ሰፈሩ የሚያውቀው «አልባሹ» በሚል ቅጽል ስም ነበር። ሥራው ብስክሌት ስቲከር ማልበስ ነው። ለአንዱ የነብር ቆዳ፣ ለሌላው የእሳት ነበልባል፣ ለሌላዋ ደግሞ አበባ ያለብሳል። ቀለሟ የተላላጠ ብስክሌት እየገፋ የመጣ ሰው፣ አዲስ የገዛ መስሎ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። እሱ ራሱ በሁለት ሸሚዝ ዓመቱን የሚገፋ ሰው ነበር፤ የማልበስ አምሮቱን ብስክሌት ላይ ጨርሶት መሆን አለበት።

የሚስቱን የመጀመሪያ ብስክሌት ከምትሠራበት ክሊኒክ በር ላይ እንዳቆመቻት ሌባ በጠራራ ፀሐይ ወሰዳት። ነርሷ በሰው ደም የማትደነግጥ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን መንገድ ዳር ቆማ እንደ ልጅ አለቀሰች። አልባሹ ተበድሮም ተለቅቶም ሌላ ገዛላት፤ ዝናብ አጥቦት የሄደ ሰማይ የመሰለች፣ ሰማያዊ። በሰማያዊነቷ የነዳቻት አንድ ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ግቢ ስትወጣ ብስክሌቷ ከላይ እስከ ታች ዝጋ ጠበቀቻት። የግቢያቸውን አሮጌ የብረት በር ፎቶ አንስቶ፣ ዝገቱን ስቲከር ላይ አሳትሞ፣ ከመሪው እስከ ኋላ ጭቃ መከላከያዋ አልብሷታል።

«ለሰው ሚስት አበባ፣ ለራስህ ሚስት ዝገት?» አለችው።

«ባለ አበባዋን ሌባ ይወስዳታል። ይቺን ግን መንገድ መሀል ጥለሻት ብትሄጂ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።»

«አንድ ቀን ልጬ ነው የምጥለው።»

«ስትልጪው ንገሪኝ፤ አልቅሼ እሰናበተዋለሁ» አለና ሳቀ።

የሥራ ባልደረቦቿ «የቴታነስ ክትባትሽን እንዳትረሺ» እያሉ ባሾፉባት ቁጥር ንዴቷን ይዛ ቤት ትገባ ነበር። እሱ ደግሞ ከሰላምታ በፊት «ብስክሌቷስ?» ይላል። «አለች» ትለዋለች በኩርፊያ። ብስክሌቷም በእርግጥ ነበረች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሌባ አልነካትም። ነርሷ ግን አንድም ቀን አመሰግናለሁ አላለችውም። አሁን የሚቆጫት ይሄ ነው።

ሻሿን አጥብቃ ተነሳች።

«የት ልትሄጂ ነው? ሰው ምን ይላል?» አለቻት ጎረቤቷ።

«ሳይቆራርጧት ልድረስ።»

ከአጥሩ ውጪ የለቅሶ ደራሾቹ ብስክሌቶች ተደርድረዋል፤ ነብሩም፣ ነበልባሉም፣ አበባውም። ሁሉንም ያለበሳቸው እሱ ነው። በመሀላቸው አለፈች።

ሰብሳቢው የለቀመውን የሚያስረክባት የውራጅ ብረት ነጋዴ ጓንት ያጠለቀች፣ ደንደን ያለች ሴት ነበረች። ብስክሌቷ ከመቁረጫው አጠገብ፣ ከተጨማደደ ቆርቆሮ ጎን ተጥላለች።

«የኔ ናት፤ በስህተት ነው የተሰጠችው» አለች ነርሷ።

«ትሁንልሽ። ግን አልሰጥሽም። ዝገቱ ውስጥ ውስጡን በልቶ ጨርሷታል፤ መንገድ ላይ ለሁለት ብትሰበርብሽስ? ሐዘን ላይ እንዳለሽ አያለሁ። በሐዘን ላይ ሐዘን አልጨምርብሽም፣ እህቴ።»

«ዝገት አይደለም። ሌባ እንዳይወስዳት የተለጠፈ ስቲከር ነው።»

ነጋዴዋ በሐዘኔታ አየቻት። «ሂጂና ትንሽ ተኝተሽ ተነሺ» አለቻት።

ነርሷ ጎንበስ ብላ ብረቱን መዳበስ ጀመረች። አልባሹ የስቲከሩን ጫፍ የት እንደሚደብቅ ለማንም አይናገርም፤ ለእሷም አልነገራትም። ደም ሥር እንደምትፈልግ በጣቷ ቀስ እያለች ሄደች። ከፔዳሉ በላይ፣ ከሥር በኩል፣ አንዲት ቀጭን መስመር አገኘች። እዚያ ላይ እጇ ቆመ። ካልላጠችው ብስክሌቷ ልትቆረጥ ነው፤ ከላጠችው ደግሞ እሱ የለጠፈውን በገዛ እጇ ልታነሳ ነው። ስንቴ እልጠዋለሁ ብላ እንደዛተችበት አሰበችና አፈረች። ጫፉን በጥፍሯ ይዛ አውራ ጣት የሚያህል አነሳችው።

ከሥሩ ሰማያዊው ወጣ።

ነጋዴዋ ቀረብ ብላ አየች፤ ጓንቷን አውልቃ በጣቷ ነካችው። «እኔን እንዲህ የሸወደኝ ሌባንማ እንዴት አያደርገው» አለች። «ማነው የሠራው?»

«ባለቤቴ» አለች ነርሷ።

ነጋዴዋ ጥቁር ልብሷን እንደገና አየችና ሌላ አልጠየቀችም። «ውሰጃት» ብላ ቆርቆሮውን ከመንገዷ ላይ ጎተተችላት።

ነርሷ ግን ከጎነበሰችበት ቀና አላለችም። ያነሳችው ጫፍ ተጠቅልሎ ቀርቷል፤ ስትጫነው ተመልሶ ይነሳባታል። ሙጫው ከቀዘቀዘ አይዝም። በጉልበቷ ተንበርክካ አፏን ከብረቱ አስጠጋች፤ ቀስ ብላ ተነፈሰችበትና በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘችው። ሲለቅባት፣ እንደገና ተነፈሰችበት።