ጥርስ ሠሪው የቀባው በር

ጥርስ ሠሪው አሮጌ ነጭ መኪናውን ለመሸጥ ሲነሳ ያስቸገረው አንድ ጭረት ብቻ ነበር። ከግራው የኋላ በር እጀታ ሥር ተነስቶ ክንድ በሚያህል ርዝመት ቁልቁል የወረደ፣ እስከ ብረቱ የዘለቀ ጭረት። አማቱ ጠቅልለው እነሱ ቤት ሲገቡ የብረት አልጋቸው ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ ነው የጫረው። አማት ነገሩን አልካዱም፤ አልተጸጸቱምም።

"መኪናህን ዞር አድርግ ብዬህ ነበር" ይላሉ፣ ወሬው በተነሳ ቁጥር።

ሚስቱ ጋራዥ ውሰደው ብትለው ሳቀባት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እሱ የሠራውን ጥርስ ከተፈጥሮው ለመለየት ሐኪሞቹ እንኳ ግራ ይጋባሉ።

"ለአንቺ ነጭ ሁሉ አንድ ነው። እኔ አሥራ ስድስት ዓይነት ነጭ አውቃለሁ" አላት።

"ታዲያ የታጠበ ካልሲ ካልታጠበው መለየት ለምን አቃተህ?"

ዓርብ ዕለት ፈቃድ ወስዶ ግቢ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። አማት ጥላ ሥር ወንበራቸውን አስቀምጠው ተቆጣጣሪ ሆኑ። አፋቸው ውስጥ ያለው ጥርስ ከዳር እስከ ዳር የአማቻቸው የእጅ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ዝምተኛ ነበሩ ይባላል። "ጥፋቱ የራሴ ነው፤ አፍ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ" ይላል ጥርስ ሠሪው፣ እሳቸው በሌሉበት።

"ኧረ ቀስ በል፣ በሩን በሳኸው!" አሉት ገና በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ሲጀምር።

ፈገፈገ፣ ስቱኮ ሞላ፣ ሲደርቅ እንደገና ፈገፈገ። ዙሪያውን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፈነ። ከዚያ ወደሚወደው ነገር ገባ። የሚስቱን የሻይ ማስቀመጫ ሳህኖች ደርድሮ ነጩን ቀለም አንዴ በጠብታ ቢጫ፣ አንዴ በጠብታ ግራጫ እያቀላቀለ፣ ካርቶን ላይ እየቀባና እያደረቀ ከበሩ ጋር አስተያየ። አንዱን ዓይኑን ጨፈነ። ወደኋላ ሄደ። ደመና እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀ። አሥራ አንደኛው ቅይጥ ላይ "መጣችልኝ!" ብሎ ጮኸ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ሲያነሳ ጭረቱ የነበረበት ቦታ ጠፋ። አማት መነጽራቸውን አድርገው በሩን በጣታቸው ዳበሱ።

"የታለ?" አሉ።

ጥርስ ሠሪው ይህን ቃል ሚስቱም እንድትሰማው ከወጥ ቤት ጠራትና አማቱን እንደገና አስባላቸው።

ገዢ የሚመጣው እሑድ ረፋዱ ላይ ነው። ጥርስ ሠሪው በማለዳ ጺሙን ሊላጭ ገባ። ተላጭቶ ሲወጣ ሚስቱ ባልዲና ስፖንጅ ይዛ መኪናውን አጥባ ጨርሳለች። መኪናው ወተት መስሏል። በሩ ላይ ግን የክንድ ርዝመትና የመዳፍ ስፋት ያላት ነገር፣ የሲጋራ አጫሽ ጥርስ መስላ፣ ቢጫ ሆና ቁጭ ብላለች።

ለካ ቀለሙን ያስተያየው ከሁለት ወር አቧራ ጋር ኖሯል! የሚሠራበት ክፍል ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ ጽፎ የለጠፈው ማስታወቂያ አለ፦ "ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ጥርሱን አጽዱ።"

"አጠብሽው?" አለ በቀጭን ድምፅ።

"ገዢ ሊመጣ አይደል እንዴ?"

"አሁን አገኘሁት" አሉ አማት ጣታቸውን ወደ በሩ ቀስረው።

ጥርስ ሠሪው ከአትክልቱ ሥር አፈር ዘግኖ ወደ መኪናው ሮጠ። ሚስቱ እጁን ለቀም አደረገችው። "አብደሃል? እኔ ስፈትግ አርፍጄ አፈር ልትበትንበት?" እየተጓተቱ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ።

ገዢዋ የዳቦ ቤት ባለቤት ነች። ሞተሩን አየች፣ ጎማዎቹን ረገጥ ረገጥ አደረገች፤ የኋላው በር ጋ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ አሸተተች።

"ትኩስ ቀለም ነው።"

"ትንሽዬ ጭረት ነበረች..." አለ ጥርስ ሠሪው፣ አፈሩን ከኋላው ደብቆ።

"ወንድሜ፣ ለትንሽ ጭረት ማን እንዲህ ይለፋል? ተገልብጦ ነበር?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"ታዲያ ከሥሩ ምን አለ?"

"አልጋዬ ነው" አሉ አማት ከወንበራቸው።

ገዢዋ አሮጊቷን አየች፤ በሩን አየች፤ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ጠበቅ አድርጋ ወደ መውጫው ዞረች።

ሚስቱ ብርጭቆ ወረቀቱን አንስታ ለባሏ ሰጠችው። "አሳያቸው።"

"ሁለት ቀን የለፋሁበትን?"

"ወይ አሳያቸው፣ ወይ እማዬ ስለ አልጋዋ ታስረዳ።"

ጥርስ ሠሪው ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ፊቱን አዙሮ ፈገፈገ። መጀመሪያ ቢጫው ሄደ፣ ቀጥሎ ስቱኮው፤ በመጨረሻ ያቺው የጥንቷ ጭረት ብቅ አለች። አማት ይህ አልበቃቸውም፤ ገዢዋን በእጇ ጎትተው መኝታ ቤት ወሰዷትና የአልጋውን እግር አሳዩዋት። የመኪናው ነጭ ቀለም አሁንም ተለጥፎበታል።

ገዢዋ እየሳቀች ወጣች። "መጀመሪያውኑ ይቺን ቢያሳዩኝ ምን ነበረበት?" ለአፍታ ተከራክረው በዋጋው ተስማሙ፤ ተጨባበጡ።

"አንድ ቀን ብቻ ይተዉልኝ" አለ ጥርስ ሠሪው ቁልፉን ሳይለቅ። "አሁን ታጥቧል፤ ትክክለኛውን ነጭ አገኘዋለሁ።"

"በፍጹም እንዳይነኩት!" አለችና ቁልፉን ከመዳፉ ፈልቅቃ ወሰደች።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ወደ ሥራ ሲሄድ በዳቦ ቤቱ በር ላለማለፍ መንገድ ይቀይር ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲያስቸኩለው አቋርጦ ዳቦ ቤቱ ገባ። መኪናው ደጃፉ ላይ ቆሟል። የዳቦ ሳጥን ሲጭኑበት የቀኝ በሩንም ጭረውታል፤ የግራው ደግሞ ዝገት ጀምሮታል።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከባንኮኒው ኋላ ሆና አየችው። "ዳቦ ነው ወይስ ቀለም?"

"ዳቦ" አለ ጥርስ ሠሪው፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል።