የእትዬ መስመር ያለ ጠርዝ

ማክሰኞ ከቀኑ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ እናቴን ዋሸኋት። «እትዬ አረፈች። እጇን ይዤ ነበር» አልኳት። እማዬ ጓዳ ውስጥ ቆማ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም። «እሺ ልጄ» አለችና የያዘችውን ሹራብ አጥፋ ጨረሰች።

እጇን አልያዝኩም ነበር። እማዬ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ስላደረች ከምሳ በኋላ ጋደም እንድትል የለመንኳት እኔ ነኝ። «ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቅልም» ብያት ነበር። አሥር ሰዓት ላይ እትዬን እንቅልፍ ሲወስዳት ግን ቀስ ብዬ ወጥቼ ደጅ ወዳለው ሥራ ቤቴ ገባሁ። ፍሬም ሠሪ ነኝ። የአንድ ደንበኛ ፍሬም ማዕዘኑ አልገጥም ብሎኝ እንጨቱን እንደገና መቁረጥ ነበረብኝ። አሥር ደቂቃ ብዬ አርባ ደቂቃ ቆየሁ። ስመለስ እጇ ቀዝቅዟል።

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ የስታትስቲክስ ባለሙያ ነበረች። ከታመመች በኋላ የልብ ምቷን በየደቂቃው የሚመዘግብ ማሰሪያ እጇ ላይ አሰረች፤ ቁጥሩ በቀጥታ ኮምፒውተሯ ውስጥ ይገባል። ማሰሪያው የሰው ገላ ካልነካ ዜሮ ይጽፋል። አር በሚባለው የስታትስቲክስ ቋንቋ አጭር ትእዛዝ ጽፋ፣ ምቷን በመስመር እየሳለች ቤት እየመጣች ለምታያት ነርስ ታሳያት ነበር። ጣቶቿ መድከም ሲጀምሩ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ደብተሯን እያየሁ፣ መጻፉን ለመድኩት።

ሁልጊዜ የምንጨቃጨቀው በነጩ ቦታ ነበር። የምትስለው ሥዕል ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ጠርዝ አለው፤ ከታች ሰዓቱ፣ ከግራ የምቱ ቁጥር የተጻፈባቸው ዘንጎች ቆመውበታል።

«ይሄ ሁሉ ወረቀት ለምን ይባክናል?» እላታለሁ።

«አቶ ፍሬም፣ ለአንተ ነጭ ነገር ሁሉ የሚቆረጥ ነው።»

«እስከ ጫፍ ቢሄድ ያምራል እኮ።»

«ማማሩንስ ያምራል። ግን ዘንጉን ካወጣህበት መዋሸት ይቀላል። መቼ ነው ብሎ የሚይዝህ የለም።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ እማዬ ጠራችኝ። «ያቺን የማክሰኞዋን መስመር ፍሬም አግባና ስቀልልኝ» አለች። መስመሩ የወደቀበትን ሰዓት ዘንጉ ይናገራል። እማዬ ደግሞ ማንበብ ታውቃለች። እስከ ሩብ ጉዳይ የት ነበርክ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?

ፎቅ፣ ወደ እትዬ ክፍል ወጣሁ። አልጋው ተነጥፏል። ኮምፒውተሩ እንደተወችው በርቷል፤ ማንም ሊያጠፋው አልደፈረም። ከማክሰኞ ጠዋት ጀምረህ ሳል አልኩት፤ የት እንደሚያቆም አልነገርኩትም። መጀመሪያ ዘንጎቹን አጠፋሁ። ሰዓቱም ቁጥሩም ሄደ። የቀረው ጠርዙ ነበር። ጠርዙ በአራት ቁጥሮች ነው የሚታዘዘው፤ ከታች፣ ከግራ፣ ከላይ፣ ከቀኝ። አራቱንም ዜሮ አደረግኳቸው። አሁንም በሁለቱም ጎን ቀጭን ነጭ ነገር ቀረ፤ ቋንቋው በራሱ የሚተወው ትርፍ ነው። የእሱንም ማጥፊያ ከደብተሯ አገኘሁ።

መስመሩ አሁን ከግራው ጫፍ ገብቶ ይሄዳል። ወረቀቱን አንድ አምስተኛ ያህል እንዳለፈ ወደቀ። ከዚያ መሬት ለመሬት እየተጎተተ እስከ ቀኝ ይሄዳል ብዬ ነበር።

አልሄደም። የወደቀበት ቦታ እንደ መርፌ ቀጥኖ፣ መስመሩ ተመልሶ ተነሣ። ከበፊቱ ቀስ ያለ፣ የረጋ ምት ነው። ከፍ ዝቅ እያለ ሄዶ በቀኙ ጫፍ ከወረቀቱ ወጣ።

ትእዛዙን የተሳሳትኩ መሰለኝ። ፊደል በፊደል አየሁት፤ ስህተት የለውም። ደግሜ አስኬድኩት። ሥዕሉ ያው ነው፤ የቀኙ ጫፍ ግን ቅድም ከነበረበት ትንሽ ከፍ ብሏል። ባዶውን አልጋ ዞሬ አየሁት። አንሶላው ላይ እጥፋት እንኳ የለም። በሦስተኛው ጊዜ ጫፉ ይብስ ሽቅብ ወጣ፤ አንድ ሰው ዳገት እንደያዘ ዓይነት።

ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁ።

እማዬ ነበረች። ደረጃው አድክሟት በሩን ተደግፋ ቆማለች። «ቁጥሩ የት ሄደ?» አለች።

«እንዲያምር ብዬ ነው።»

«መልሰው።»

እጇን ወደ ስክሪኑ ስትዘረጋ የሹራቧ እጅጌ ተሰበሰበ። የእትዬ ማሰሪያ እሷ እጅ ላይ ነው።

ዘንጎቹን መለስኩ። ማክሰኞን ብቻ አቅርቤ ሳልኩት። መስመሩ የወደቀው አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ነው። የተነሣው ከሃያ ስድስት ላይ። እኔ ለእማዬ ከመንገሬ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ በፊት። ያን ጊዜ ነው ጓዳ ውስጥ ስታጥፈው የነበረው ልብስ የማን እንደሆነ ትዝ ያለኝ። የእትዬ ሹራብ ነበር። ማሰሪያውም እትዬ እጅ ላይ እንዳልነበረ ያኔ ልብ አላልኩም።

«እዚህ ነበርሽ?»

«በሩን ስትዘጋ ሰምቼ መጣሁ። እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ማሰሪያው ዜሮ ዜሮ ሲል ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። ፈትቼ አሰርኩት።»

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ልነግርህ ነበር። ቀድመህ እጇን ይዤ ነበር አልክ። ምን ልበልህ?»

«ጠርታኝ ነበር?»

«መጋዝህን ሰማች። ‹አሁንም እየቆረጠ ነው› ብላ ሳቀች።»

ሥዕሉን ከነዘንጉ፣ ከነነጭ ጠርዙ አትሜ ፍሬም አገባሁትና እማዬ አልጋ ፊት ለፊት ሰቀልኩት።

ማሰሪያውን እስከ ዛሬ አላወለቀችም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቻርጅ ላደርገው ስቀበላት ብቻ ነው የምትፈታው። እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ አርባ ደቂቃ ከክፍሏ አልወጣም።