የአንገት ልክ

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን የደንበኛዋ አንገት ላይ ጠምጥማ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች። አርባ ሦስት። አምና አርባ ነበር። ትከሻው ያው፣ የእጁ አንጓ ያው። ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ስታሰፋለት ጥፋቱን ጨርቁን ባሳጠበው ሳሙና ላይ ነበር የጣለችው፤ ልብስ ሰፊ ጨርቁን እንጂ ሰውየውን አይጠረጥርም።

ሰውየው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ባልደረቦቹ «እንቁላል» ይሉታል፤ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብለው ተስፋ ስላልቆረጡ። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርቦ፣ ፋይል ተንተርሶ የሚያንቀላፋ ሰው ሆኗል። ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይጠብቀዋል። አዲስ ሸሚዝ የሚያሰፋውም «ስባረር እንኳ ሰው ልምሰል» ብሎ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ምራቅዎን ይዋጡ» አለችው።

«እኔ ምን እውጣለሁ? እኔን ራሴን አለቃዬ ሊውጠኝ ነው።»

ዋጠ። ከማንቁርቱ በታች አንድ እብጠት ሜትሩን ገፍቶ ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ።

መቀሷን አስቀመጠች። «ሐኪም ሳያይዎት ጨርቅ አልቆርጥም።»

ተነጫነጨ፤ ግን ሄደ። ከእሷ ጋር የሚከራከርበት ጉልበት አልነበረውም።

ሰኞ ኮሚቴው ፊት የቆመው በአሮጌው ሸሚዝ፣ የላይኛውን ቁልፍ ከፍቶ፣ የደም ምርመራ ውጤቱን ይዞ ነው። ሐኪሙ የነገረውን ደገመላቸው፦ ታይሮይድ የምትባል፣ ቢራቢሮ የምትመስል እጢ የአየር ቧንቧን በሁለት ክንፏ አቅፋ ተቀምጣለች። የምታመነጨው ሆርሞን ልብ፣ አንጀትና ጡንቻ በምን ፍጥነት እንደሚሠሩ ይወስናል። የእሱ እጢ ታማ ሆርሞኑ አነሰ፤ ሰውነቱም ቀዘቀዘ።

«አንገትህስ ለምን አበጠ?» አለ አለቃው።

«አንጎል ሥር ያለችው አለቃዋ እጢ ‹ሆርሞን አምጪ፣ አምጪ› እያለች ስለምትጮህባት ነው። ጩኸት የታመመን አያፈጥንም ጌታዬ፤ አንገቱን ያሳብጠዋል እንጂ።»

አምስቱ የኮሚቴ አባላት አንገታቸውን እየዳበሱ ባንድ ላይ ምራቃቸውን ዋጡ። የስንብት ደብዳቤው ሳይፈረም ተቀደደ።

ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ፣ ቁርስ ሳይቀምስ፣ ሐኪሙ ያዘዘለትን የሆርሞን ክኒን ዋጠ። ከዚያ አንድ ቀን ሹራቡን ቤት ጥሎ የልብስ ሰፊዋን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

«ለኪኝ እህቴ። ባልደረቦቼ ስም ሊቀይሩልኝ ተሰብስበዋል።»

አርባ አንድ ተኩል። እልል ልትል ቃጣት፤ አፏ ውስጥ ስፒል ነበር።

በሳምንቱ የሰውየውን አዲስ ሸሚዝ አይቶ የወደደው አለቃው ራሱ እየተጣደፈ መጣ። አንገቱ አርባ ሁለት መሆኑን ነግሮ፣ ያንኑ ጽፋ ቶሎ እንድታሰናብተው አዘዛት።

ልብስ ሰፊዋ ደብተሯን ገለጠች። «አንገት» ከሚለው በፊት አዲስ መስመር አሰመረች፤ ሜትሩንም አንገቱ ላይ ጠመጠመች።

«ቁጥሩ ይደርሳል» አለችው። «መጀመሪያ ይዋጡ።»