የጋሼ ልደቱ ውሃ

ጋሼ ልደቱ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ያለውን ቤት የገዙት ለግቢው ጉድጓድ ሲሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከባድ መኪና ሲነዱ፣ ወደ የመን ለመሻገር በእግራቸው የሚጓዙ ወጣቶች ባዶ ጠርሙስ እያውለበለቡ ውሃ ሲለምኗቸው ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ የጉድጓዱን ውሃ በፓምፕ ስበው ከአጥሩ ውጪ ቧንቧ ተከሉ። አላፊ አግዳሚው ይጠጣል፤ እሳቸውም የሚጠጡት ከዚያው ነው።

የእህታቸው ልጅ ጽጌሬዳ ያደገችው እሳቸው ዘንድ ነው። አሁን ሆዳን በሚባለው ሌላ የከተማው ሰፈር ትኖራለች፤ የምትሠራውም በአንድ የውሃ ምርመራ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። አንድ ዓርብ ምሳ ልትበላ መጥታ ስታስታጥባቸው መዳፋቸው ላይ እንደ ጠጠር የደረቁ ትናንሽ እብጠቶች አየች። መሪ ያወጣው ነው አሏት። መሪ ከጨበጡ ስንት ጊዜያቸው! ስትሄድ ከቧንቧው ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ለምርመራ ወሰደች።

ውጤቱን አላመነችውም፤ ደግማ መረመረችው። ውሃው ውስጥ አርሴኒክ አለ፤ ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ለዓመታት ቀስ እያለ ሰው የሚጎዳ መርዝ።

በነጋታው አጠገባቸው ተቀምጣ፣ እጃቸውን ይዛ ነገረቻቸው። ጋሼ ልደቱ እጃቸውን ከእጇ አላቀቁ።

«እነዚያን ልጆች መርዝ ሳጠጣ ኖርኩ በይኛ።»

«አንዴ ጠጥቶ ያለፈውን ሰው ብዙም አይጎዳውም፣ ጋሼ። እኔን ያስጨነቁኝ እርስዎ ነዎት።»

የሰሟት አልመሰሉም። ተነሥተው ቧንቧውን ዘጉና በሽቦ ጠፍረው አሰሩት። ሐኪም ቤት እንኳ የሄዱት እሷ ጎትታ ወስዳቸው ነው። ሐኪሙም ውሃውን እንዲተዉና በየጊዜው እየመጡ እንዲታዩ አዘዛቸው።

ጽጌሬዳ ጉድጓዱን ይድፈኑት ልትል ነበር። በር ላይ ቆመው ውሃ ፈላጊውን ሲመልሱ ስታይ ግን አንጀቷ አልቻለም። ዝገት፣ ማለትም የብረት ኦክሳይድ፣ አርሴኒክን ከውሃ ስቦ እላዩ ላይ እንደሚያስቀር ከሥራዋ ታውቃለች። ላብራቶሪ ውስጥ አሸዋ በብረት ኦክሳይድ ለብጣ፣ አድርቃ አመጣች። ጋሼ ልደቱ ዝገት ውሃ ያጠራል ሲባል ሰምተው እንደማያውቁ እያጉረመረሙ፣ እስከ ክርናቸው በዝገቱ ቀልተው፣ የጉድጓዱ ውሃ የሚጣራበትን በርሜል አብረዋት በአሸዋው ሞሉ።

የመጀመሪያው ምርመራ አላረካትም፤ ውሃው በአሸዋው ውስጥ ቶሎ ነበር የሚያልፈው። መውጫውን አጥብባ እንደገና ስትመረምረው ውሃው ንጹሕ ሆነ። አሸዋው መርዙን ይዞ ሲጠግብ በአዲስ እንደምትቀይረው፣ አሮጌውንም ሜዳ ላይ ሳይደፉ ለእሷ እንዲተዉላት አስጠነቀቀቻቸው።

«አሁን ይጠጣል?»

«ይጠጣል፣ ጋሼ።»

«እስቲ ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

ቧንቧውን ግን ወዲያው አልከፈቱትም። ጎረቤት ቤት ተቀጥራ ውሃቸውን ለረጅም ጊዜ ስትጠጣ ወደኖረችው ወደ አበሩ ሄዱ። ሁሉንም ነገሯት፤ ይቅርታ ጠየቋት፤ ለምርመራም ራሳቸው ወሰዷት። ደህና መሆኗን ሲሰሙ ነው ፊታቸው የፈካው።

ከሐኪም ቤት እንደተመለሱ ሽቦውን ፈትተው ቧንቧውን ከፈቱ፤ አበሩም ጀሪካኗን ይዛ መጣች። ጋሼ ልደቱ ሞልተው ሊያሸክሟት አልፈለጉም፤ ራሳቸው ተሸክመው እስከ በሯ አደረሱላት። ጽጌሬዳ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለች ስለ ወገባቸው ትቆጣለች፤ እሳቸው እየሳቁ ይሄዳሉ።