ስምንቱ ድንጋይ ተሸካሚዎች

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ወንበሩ ካልበቃችሁ ደፉ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ጭቃ ላይ ናት፣ ባሏም ሰው ጀርባ ላይ ነውና ቶሎ ልጀምርላችሁ።

ዕለቱ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ ፍልሰታ ነው። ፉሪ አስፋልቱ ካለቀበት አለፍ ሲሉ አንድ ኮረብታ አለ፤ አናቱ ላይ ትንሽ የካቶሊክ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠርታለች። ትሩፋት ከኋላ ሆና የባሏን የክብረትን ቀኝ እግር ትደግፋለች። ያ ወገኑ ከሰኔ ጀምሮ አይታዘዝለትም፤ አንደበቱም ተይዟል። የተሸከመው ገዳ ነው፤ እዚያው ኮረብታው ሥር ተወልዶ ከብት የሚያረባ ሰው።

"ጋሽ ክብረት፣ የታመመ ሰው ይከሳል ሲባል ነበር የምሰማው" አለ ገዳ እያለከለከ። "እርስዎ ምን ሲበሉ ከረሙ?"

"ሾርባ ብቻ ነው" አለች ትሩፋት። "እንዳትጥልብኝ።"

"ብወድቅም ከሥር የምሆነው እኔ ነኝ። አይዞሽ እትዬ።"

የታመመን ሰው በዚህ ጭቃ ለምን ያወጡታል ትሉኝ ይሆናል። ያቺ ቤተ ክርስቲያን በንጉሡ ዘመን ስትሠራ መኪና ወደዚያ አይወጣም ነበር። ድንጋዩን ከወንዙ አንስተው በትከሻቸው ያወጡት ሃያ ሰባት ሰዎች ናቸው። ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ቤቱ የእህል መጋዘን ሲደረግ መዝገቡ የት እንደገባ አልታወቀም። የክብረት አባት ግንበኛ ነበርና ስሞቹን በቃሉ ያዘ፣ ለልጁም አስያዘ። ደርግ ወድቆ ቤተ ክርስቲያኗ ከተከፈተች ወዲህ በየዓመቱ ክብረት ከቅዳሴ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ታሪኩን ያወራል፤ አውርቶ ሲጨርስ አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። ስም ሲጠራ የዚያ ሰው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ "አለ" ብሎ ይመልሳል። ዐሥራ ዘጠኙ ዘር አላቸው። ስምንቱ ግን የሚመልስላቸው የለም፤ ለእነሱ "አለ" የሚለው ራሱ ክብረት ነበር።

እንግዲህ እነዚያ ስምንት ስሞች ናቸው ክብረት ውስጥ ተዘግተው የቀሩት።

ሚስቱ አታውቃቸውም ወይ? አታውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ኮረብታው ላይ ሆኖ ሲጠራ፣ እሷ ታች ለተሳላሚው ንፍሮ ስታድል ነው የኖረችው። ሌላውም ሰው ጆሮው የራሱን አባት ስም ሲጠብቅ፣ የስምንቱን ማንም ልብ ብሎ አልያዘም።

መካኒሳ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠይቀው ሰነበተች። ግራ እጁ ይሠራል። "ልክ ከሆንኩ ጨብጠኝ" አለችው። ወጣቱ ቄስ አባ ኤልዳድ ከሌላ ቁምስና፣ ከሌላ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ የድሮ የክርስትና መዝገብ ተውሰው መጡ። ሕዝቅኤል፣ ዮሴፍ፣ ጴጥሮስ፣ መቶ ስም ያህል ተነበበ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

"እማማ፣ ረስተዋቸው ይሆናል" አሏት አባ ቀስ ብለው።

"አልረሳም አባ። ሲረሳ ፊቱን አውቀዋለሁ። ጨው ግዛ ብዬው ባዶ እጁን ስንቴ መጥቷል።"

ቦታውን ሲያይ አንደበቱ ይፈታ ይሆናል ብላ ነው እንግዲህ ያመጣችው።

በሩ ላይ ወንበር ሰጡት። ሕዝቡ ጃንጥላውን እንደዘረጋ ተጠጋ። ክብረት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ግን ስም አልሆነም። ደግሞ ሞከረ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ሰዉ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ ማን ችሎ ይየው። አባ ኤልዳድን አላስችል አላቸውና ዐሥራ ዘጠኙን ከወረቀት ጠሩ። "አለ፣ አለ" ተባለ፤ ገዳ ደግሞ ለአባቱ ለኮርሳ "አለ" አለ። ከዚያ አባ ወረቀቱን አጠፉ።

"የቀሩትን እግዚአብሔር ያውቃቸዋል" ብለው ወደ ቅዳሴው ገቡ።

ምን ያድርጉ? ያውቃቸዋል፣ እውነት ነው። ክብረት ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ በግራ እጁ የወንበሩን ጠርዝ ሲመታ ነበር። ትሩፋት እጁን ልትይዘው ሞከረች፤ አስለቀቃት።

ሲወርዱ ገዳ ሊያጽናናው ፈለገ።

"አይዘኑ ጋሽ ክብረት። የኔም አባት ስለዚያ ድንጋይ ሲያወራ ግማሹን በስሙ አይጠራም ነበር። አንዱን 'ባለሱቁ' ነው የሚለው። 'ረመዳን ይዞ እየተሸከመ፣ ውሃ ስሰጠው እምቢ ይለኝ ነበር' እያለ ይስቃል።"

ትሩፋት ቆመች። "ምን ይዞ?"

"ረመዳን። እስላም ነዋ።"

"ለማርያም ቤት?"

"ጎረቤት አይደል እንዴ እትዬ? ጎረቤቱ ሲሠራ ቆሞ ሊያይ ነው?"

ለካ ሳምንቱን ሙሉ የክርስትና መዝገብ ሲያገላብጡ የከረሙት በከንቱ ነው። ታች የሚጠብቃቸው የኮንትራት ሚኒባስ ውስጥ አስገብተው እንዳስቀመጡት፣ ትሩፋት እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

"ክብረት፣ ባለሱቁ። አሕመድ ነው?"

እጁ አልተንቀሳቀሰም።

"ሰይድ? ከድር? አብዶ?"

ጨበጣት። ጣቶቿን እስኪያማት ጨበጣት፤ እንባው ወረደ።

"ሌላስ? ሌላም እስላም አለ? ጀማል? ኑሪ?" ቸኮለች። እጁ ግን ላላ። ደክሞታል።

"በቃ ነገ እንቀጥላለን" አለችው።

ያ ነገ አልመጣም ልጆቼ። በማግስቱ ሕመሙ ተመልሶ ያንንም እጅ ወሰደው። ሰባቱ ዛሬም ክብረት ውስጥ ናቸው፤ ጎኑ ተቀምጣ ታየዋለች፣ ያያታል። ያን ሰዓት ግን ይሄን አታውቅም።

"እንሂድ እንጂ እናት፣ ዝናቡ መጣ" አለ ሾፌሩ።

ትሩፋት የባሏን እግር በጋቢ ሸፈነችና ከሚኒባሱ ወረደች። "ገዳ፣ አጠገቡ ሁንልኝ።"

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ላይ።"

"ሰዉ እኮ ወርዷል። በሩም ተዘግቷል።"

"ይዘጋ።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ በዚያ ጭቃ ሁለት ጊዜ በጉልበቷ ወድቃ ወጣች። ላይ ማንም አልነበረም። ክብረት ይቆምበት ከነበረው ደረጃ ላይ ቆመች።

"አብዶ" አለች። ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ራሷ "አለ" አለች።

እኔም የነገርኳችሁ ይሄንኑ ነው፣ የኔ ልጆች። የሰባቱን ስም ልሰጣችሁ አልቻልኩም። ሰባት መሆናቸውን ግን አደራ፣ አስታውሱልኝ።