የአቶ ግን ፈቃድ

ጡረታ የወጣውን የሎጂክ መምህር ሰፈሩ ሁሉ «አቶ ግን» ይለዋል። «እንዴት አደርክ?» ቢሉት እንኳ «ደህና፤ ግን...» ብሎ ነው የሚቀጥለው። ማስተማር ከጀመረ አንስቶ ካልለወጣቸው ሐሳቦች አንዱ ይሄ ነበር፦ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ለትዳሩ የወላጅ ፈቃድ አያስፈልገውም።

ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከገዛ ቤቱ ገባ። ነርስ የሆነችው አንዲት ልጁ የባሃኢን እምነት ከተቀበለች ሦስት ዓመቷ ነው፤ አሁን ደግሞ ባሃኢ መነጽር ሠሪ ልታገባ ነው። በሃይማኖታቸው ሕግ በሕይወት ያሉ የሙሽሮቹ ወላጆች ሁሉ፣ ቢያምኑም ባያምኑም፣ ካልፈቀዱ ጋብቻ የለም። እናቷ ሞታለች። የመነጽር ሠሪው ወላጆች ፈርመዋል። የቀረው የአቶ ግን ፊርማ ብቻ ነው።

«አልፈርምም!» አላት፣ የፈቃዱን ወረቀት በምሳ ሳህኑ ገፍቶ።

«እጮኛዬን አልወደድከውም?» አለችው።

«እሱንማ እወደዋለሁ! ግን የሠላሳ አራት ዓመት ሴት በአባቷ ፊርማ አትዳርም። እውነትን ራስህ መርምር ትላላችሁ፤ ትዳር ሲሆን ግን ሄደህ አባትህን ጠይቅ!»

«እኔማ መርምሬ መርጫለሁ፣ አባዬ።»

«የማልፈርመው ነጻነትሽን ላስከብር ብዬ ነው!»

«እንግዲያው በነጻነት ቆሜ ልቅር» ብላ ሳህኑን አነሳች።

በሆዱ ሌላ ስሌት ነበረው። እነዚህ ሰዎች ሲጨንቃቸው ደንባቸውን ማጠፋቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ «አላልኳችሁም?» ይላል። አንድ ወር ጠበቀ። ሦስት። አምስት። መነጽር ሠሪው በየሳምንቱ እየመጣ የመነጽሩን ብሎን ያጠብቅለታል እንጂ ስለ ፈቃድ ትንፍሽ አይልም። «ደንቡን ቢጥሱ አስመሳዮች፣ ቢጠብቁት ጭፍኖች» አለ አቶ ግን ለራሱ። ክርክሩን በሁለቱም በኩል ረትቷል፤ የሚያጨበጭብለት ግን የለም።

አንድ ቀን ልጁ የደም ግፊቱን እየለካች፣ «ለቀሚሴ የገዛሁትን ጨርቅ ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠኋት» አለችው። «በሚመጣው ወር ታገባለች። እኔ ጋ ተቀምጦ ከሚያረጅ።»

ግፊቱ ሽቅብ ወጣ። አንጀቱን በላችው። በዚያው ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ አንድ ገጽ ተኩል ተቃውሞ ጻፈና ከግርጌው «ፈቅጃለሁ» ብሎ ፈረመ።

ቅዳሜ አንዲት ልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። የአካባቢውን ባሃኢዎች የሚመራው የዘጠኝ ሰዎች ጉባኤ ጸሐፊ ነች።

«ጋሼ፣ ጽሑፍዎን አንብበነዋል። ጥሩ ቁጣ ነው። ግን ጉባኤው ፈቃዱ በነጻነት መሰጠቱን ማረጋገጥ አለበት። ተገደው ከሆነ አንቀበለውም።»

«ቄስ የለንም ብላችሁ ፈቃድ መርማሪ ሾማችሁ?»

«እንግዲህ ወረቀቱን ሲያዩት የግድ ይመስላል። አንድ ገጽ ተኩል ስድብ፣ አንዲት ቃል ፈቃድ።»

ልጁ መሬት መሬት ታያለች። እውነቱን ቢናገር፣ አንድ ጣቃ ጨርቅ ነው ያስገደደኝ ቢል፣ ሰርጉ ቀረ ማለት ነው። እነሱ እንደሆኑ ከደንባቸው ንቅንቅ አይሉም፤ አምስት ወር ሙሉ አይቷቸዋል።

«ማን አባቱ ነው እኔን የሚያስገድደኝ!» ጠረጴዛውን ደበደበ። «በገዛ ፈቃዴ ነው! በሙሉ ልቤ! ጻፊ!»

ልብስ ሰፊዋ ጻፈች። «ሌላ የሚሉት አለ?»

«አለ እንጂ» አለ አቶ ግን፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ። «ፈቅጃለሁ፤ ግን ሜትሩን ይዘሽ ከመጣሽ አይቀር ልጄን ለክተሻት ሂጂ። ጨርቁን እኔ እገዛለሁ።»